ዝገት በበዛበት መሬት አሮጌ ሳንቲም ማሰስ፦ ዝርዝር መመሪያ

ሚስማር በሞላበት መሬት ላይ ዲቴክተር፣ ማለትም ከመሬት ሥር ያለ ብረታ ብረትን በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ፣ ይዞ የወጣ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። መሣሪያው ያለማቋረጥ ይንጫጫል፣ ቁጥሩ ይዘላል፣ ሁለት ሦስት ጉድጓድ ተቆፍሮ የሚወጣው የዛገ ብረት ብቻ ይሆናል። አብዛኛው አሳሽ ያኔ ወደ ጸጥተኛው ሜዳ ይሄዳል፤ ወይም ዲስክሪሚኔሽኑን (የብረትን ምልክት የሚያጣራውን ቅንብር) ከፍ አድርጎ የብረቱን ድምፅ ያፍንና በላዩ ያልፋል። አሮጌ ሳንቲሞች እንዲህ ባለ ቦታ ሳይነኩ የሚቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሚስማር የበዛበት ቦታ ቤት፣ አጥር፣ በረት ወይም ገበያ የነበረበት ነው፤ ሰው በኖረበትና በተገበያየበት ደግሞ ገንዘብ ይወድቃል። ሳንቲሙ ብዙ ጊዜ ጥልቅ አይደለም። 10 ወይም 15 ሴንቲሜትር ላይ ተኝቶ ከጎኑ ወይም ከላዩ ያለ ብረት ጋርዶታል።

ወደ ቦታው ከመሄድዎ በፊት

የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ቢቻል በጽሑፍ ይሁን። በቅርስነት የተመዘገበ ወይም የአርኪዮሎጂ ጥናት የሚካሄድበት ቦታ ላይ በምንም ምክንያት አያስሱ። ሕጉ ከአገር አገር በጣም ይለያያል። በእንግሊዝና ዌልስ በ1996 የወጣው የቅርስ ሀብት ሕግ መስፈርቱን የሚያሟላ ግኝት በ14 ቀን ውስጥ እንዲታወቅ ያስገድዳል፤ ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው ሁለት የወርቅ ወይም የብር ሳንቲሞች በአንድ ቦታ ከተገኙ በዚህ ሥር ይወድቃሉ። በአሜሪካ በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ በፌዴራል መሬት ላይ 100 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስቆጠረ የአርኪዮሎጂ ቅርስ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ሌሎች ብዙ አገሮች ዲቴክተር ይዞ ለመውጣት ራሱ ፈቃድ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ የሚያስሱበትን አገር ሕግ ያንብቡ፤ በዚህ ላይ ግምት አይሠራም።

ብረት ሳንቲምን የሚጋርደው እንዴት ነው?

ይህን ክፍል አይዝለሉት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቅንብርና አካሄድ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በዲቴክተሩ ኮይል (መሬቱ ላይ በሚወዛወዘው ጠፍጣፋ ክፍል) ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። አንዱ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ የሚቀያየር መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ ሌላው የሚመለሰውን ይቀበላል። መስኩ ብር ወይም መዳብ ሲያገኝ በሳንቲሙ ውስጥ የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። ፍሰቱ የራሱን መስክ ይፈጥርና ትንሽ ዘግይቶ ይመልሳል። ሳንቲሙ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍና ወፍራም በሆነ መጠን መዘግየቱ ይጨምራል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥርና በሄድፎን የሚሰማው ቃና የዚህ መዘግየት መለኪያ ናቸው። ብረት ግን ከዚህ ሌላ ራሱ ማግኔት ይሆናል፤ መስኩን ወደ ራሱ ስቦ ጠንካራ ምላሽ ይሰጣል። ሚስማርና ሳንቲም በአንድ ጊዜ ኮይሉ ሥር ከገቡ መሣሪያው የሚቀበለው የሁለቱን ድምር ነው፤ ድምሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ብረቱ ያደላል።

መጋረዱ በሦስት መንገድ ይከሰታል።

የመጀመሪያው አሁን የተባለው መቀላቀል ነው። ሳንቲሙ ንጹሕ መሬት ላይ ቢሆን የሚሰጠው ቁጥር ከሚስማር አጠገብ ሲሆን ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ወደ ብረት ክልል ይወርዳል።

ሁለተኛው በጊዜ የሚመጣ ነው። መሣሪያው ለአንድ ነገር ምላሽ ከሰጠ በኋላ ለሚቀጥለው እስኪዘጋጅ ጥቂት ጊዜ ያስፈልገዋል። ማገገሚያው 50 ሚሊሰከንድ ቢፈጅና ኮይሉ በሰከንድ 1 ሜትር ቢሄድ፣ ከሚስማሩ በኋላ ያለው 5 ሴንቲሜትር መሬት ሳይሰማ ያልፋል። ፍጥነቱ ወደ 40 ሴንቲሜትር ቢወርድ የሚያመልጠው 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ዲስክሪሚኔሽን ይህን ያባብሰዋል፤ ብረቱን ዝም ሲያሰኝ አጠገቡ ያለውንም ሳንቲም አብሮ ዝም ያሰኛል። አሳሹ ደግሞ ጸጥታውን ሰምቶ ባዶ መሬት ይመስለዋል።

ሦስተኛው የጥልቀት ጉዳይ ነው። ከኮይሉ ስፋት አንጻር ራቅ ያለ ትንሽ ነገር የሚመልሰው ምልክት በርቀቱ 6ኛ ኃይል ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ 64ኛ እጅ ይወርዳል ማለት ነው። 5 ሴንቲሜትር ላይ ያለች ትንሽ ሚስማር 15 ሴንቲሜትር ላይ ያለን ትልቅ የብር ሳንቲም ሙሉ በሙሉ ልትደብቅ የምትችለው ለዚህ ነው። በዚህ ሁኔታ ምንም ዓይነት ቅንብር አያድንም። ሚስማሯን ማንሳት ብቻ ነው መፍትሔው።

መሣሪያው

ለዚህ ሥራ ከዲቴክተሩ ስም ይልቅ የኮይሉ መጠን ይበልጣል። ብዙ ዲቴክተሮች ከ11 ኢንች፣ ማለትም ከ28 ሴንቲሜትር ኮይል ጋር ይሸጣሉ። ይህ ለንጹሕ ሜዳ ጥሩ ነው፤ ዝገት በበዛበት ግን በአንዴ ብዙ ሚስማር ይሸፍናል። 6 ኢንች ወይም 15 ሴንቲሜትር የሆነ ኮይል ስፋቱ የትልቁ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ሥሩ የሚገባው ብረትም በዚያው መጠን ያንሳል። ጥልቀት ይቀንሳል፤ ነገር ግን እዚህ የሚፈለገው ሳንቲም ጥልቅ ስላልሆነ ኪሳራው ትንሽ ነው። ገንዘብዎ ለአዲስ ዲቴክተር ወይም ለትንሽ ኮይል ብቻ የሚበቃ ከሆነ ትንሹን ኮይል ይግዙ።

የኮይሉ ቅርጽም ልዩነት አለው። ደብል ዲ የሚባለው ዓይነት መሬቱን የሚያነበው ከፊት ወደ ኋላ በተዘረጋ ጠባብ መስመር ነው፤ ጎን ለጎን የተኙ ነገሮችን ለመለየት ይህ ይጠቅማል፤ ማዕድን በበዛበት አፈርም ይረጋጋል። ኮንሰንትሪክ የሚባለው ደግሞ ቆርኪንና ጠፍጣፋ ቆርቆሮን ለይቶ በማሳወቅ ይሻላል፤ ማዕድን የበዛበት አፈር ላይ ግን ይረበሻል። አንድ ብቻ የሚመርጡ ከሆነ ደብል ዲ ይሁን።

ዲቴክተሩ ራሱ ሪከቨሪ ስፒድን (ቀደም ሲል የተባለውን የማገገሚያ ፍጥነት) እንዲያስተካክሉ የሚፈቅድ ቢሆን ይመረጣል። ኢኩኖክስ 800 በሚባለው ዲቴክተር ላይ ይህ ከ1 እስከ 8 ይሄዳል፤ ዴዩስ በሚባለው ላይ ሪአክቲቪቲ ይባላል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ (መስኩ በሰከንድ በሚቀያየርበት አንድ ብዛት) ብቻ የሚሠራ ከሆነ ከ12 እስከ 20 ኪሎኸርዝ ያለው ለቀጫጭንና ለትናንሽ ሳንቲሞች ይስማማል፤ ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ያለው ወፍራም ብርና መዳብ ላይ ይበረታል። በአንዴ ብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚጠቀሙት መሣሪያዎች ሁለቱንም ስለሚያዩ ምርጫውን ያቀሉታል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ፒንፖይንተር (ጉድጓድ ውስጥ ነጥቡን የሚጠቁም ትንሽ የእጅ መሣሪያ)፣ ጠንካራ መኮትኮቻ ወይም ጫፉ ጠባብ አካፋ፣ ሄድፎን፣ ሁለት ኪስ ያለው ቦርሳ (አንዱ ለግኝት፣ አንዱ ለቁርጥራጭ)፣ ጠንካራ ትንሽ ማግኔት፣ አፈር ማስቀመጫ ጨርቅ፣ 25 ሜትር ገመድና አራት የእንጨት ካስማ። ሄድፎኑን እንደ ትርፍ ነገር አይቁጠሩት። በብረት መካከል ያለ ሳንቲም የሚሰጠው ድምፅ አጭርና ቀጭን ነው፤ ነፋስ ብቻ ይበቃዋል ለማጥፋት። ጫማዎ አፍንጫው ላይ ብረት ያለበት እንዳይሆን፤ አካፋውንም ከኮይሉ ሁለት ሜትር ያህል ያርቁ።

ቅንብሩ በቅደም ተከተል

1. ኮይሉን ወገብዎ ላይ ከፍ አድርገው ሳያንቀሳቅሱ ይያዙና መሣሪያው የኤሌክትሪክ ረብሻን እንዲያጠፋ ያድርጉ። ይህን የሚያደርግ ቁልፍ ከሌለው ፍሪኩዌንሲውን አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው የጸጥታውን ነጥብ ይፈልጉ።

2. ዲስክሪሚኔሽኑን አጥፍተው ብረት የሌለበት አንድ ክንድ ስፋት ያህል መሬት ይፈልጉ። ግራውንድ ባላንስ (መሣሪያውን ከአፈሩ ማዕድን ጋር ማስማማት) የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ኮይሉን ከ30 ሴንቲሜትር እስከ 3 ሴንቲሜትር ከፍ ዝቅ እያደረጉ የመሬቱ ድምፅ ሁለቱም ላይ እኩል እስኪሆን ያስተካክሉ። ሚስማር ላይ ከተሠራ ቁጥሩ ይዛባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰሙት ሁሉ የተዛባ ይሆናል። ንጹሕ ቦታ ካልተገኘ ከአሰሳው ቦታ ወጣ ብለው፣ አፈሩ ግን ያው የሆነበት ዳር ላይ ይሥሩት።

3. አውቶማቲክ ትራኪንግን (መሣሪያው ግራውንድ ባላንሱን ራሱ እየሄደ የሚያስተካክልበትን) ያጥፉ። ዝገት በበዛበት መሬት መሣሪያው ብረቱን እንደ አፈር ቆጥሮ ራሱን ወደ እሱ ያስተካክላል።

4. ዲስክሪሚኔሽኑ እንደጠፋ ይቆይ። ብረቱ ዝቅ ባለ ጎርናና ቃና፣ ሌላው ሁሉ ከፍ ባለ ቀጭን ቃና እንዲሰማ ሁለት ቃና ይምረጡ። አምስት ወይም ሃምሳ ቃና ሌላ ቦታ ጥሩ ነው፤ እዚህ ጆሮን ያደክማል፤ ጥያቄው ብረት ነው ወይስ አይደለም የሚል ብቻ ነውና። ሁለቱ ቃናዎች የሚለዩበትን ነጥብ ከብረት ክልል ጫፍ ላይ ያድርጉት። ኢኩኖክስ 800 ላይ ከዜሮ በታች ያሉት ቁጥሮች የብረት ናቸው።

5. የብረቱን ድምፅ ወደ ሲሶ ያህል ይቀንሱ። እየሰሙት ግን ሳያደክምዎ ይሠራል፤ ብረቱ የት እንዳለና የት እንደሚሳሳ ማወቅ ያስፈልግዎታል።

6. ሴንሲቲቪቲውን (ደካማ ምልክት የመስማት አቅሙን) ከሙሉው ሁለት ሦስተኛ ላይ ይጀምሩ። ኮይሉ መሬት ላይ ቆሞ ከጮኸ አንድ አንድ እያሉ ያውርዱ። ጀማሪ ሁሉ ከፍ ማድረግ ይወዳል፤ እዚህ ግን ከፍ ሲል የራቁት ሚስማሮች ጭምር እየተደመሩ ድምፁ ይደበላለቃል።

7. ሪከቨሪ ስፒዱን ከመካከለኛው ከፍ ያድርጉ፤ ከ8 ከሆነ 6 ወይም 7። ጫፍ ድረስ ማውጣት ጥልቀት ይበላል፤ የሳንቲሙንም ድምፅ እንደ ጠቅታ ያሳጥረዋል።

8. አይረን ባያስ የሚባል ቅንብር ካለ ከዝቅተኛው ይጀምሩ። ይህ ቅንብር አጠራጣሪውን ምልክት ወደ ብረት ይገፋል። ከፍ ሲል ጸጥታው ይጨምራል፤ ነገር ግን ከሚስማር አጠገብ ያለው ሳንቲምም አብሮ ብረት ይባላል። የሐሰት ድምፁ ካላሠራዎት ብቻ አንድ ሁለት ደረጃ ይጨምሩ።

የሚስማር ሰሌዳ ሙከራ

ቅንብሩ ለመሣሪያዎ ይሠራ እንደሆነ መሬት ሳይቆፍሩ የሚታወቅበት መንገድ አለ፤ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቆጥበው ጊዜ ግን ብዙ ነው። 30 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ሚስማርና ብሎን የሌለበት ሳንቃ ያዘጋጁ። መሃሉ ላይ ሳንቲም ያስቀምጡ። ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር የሚረዝሙ አራት የዛጉ ሚስማሮች በዙሪያው በተለያየ አቅጣጫ፣ ከሳንቲሙ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ርቀው በሙጫ ይለጥፉ። ሚስማሮቹ ከመሬት የወጡ ቢሆኑ ይሻላል። በሳንቲሙ ላይ የሚያልፉ አራት መስመሮች ያስምሩ፦ አንድ አግድም፣ አንድ ቁልቁል፣ ሁለት ሰያፍ።

ሰሌዳውን ደጅ፣ ምንም ድምፅ የማይሰጥ መሬት ላይ ያኑሩት። ኮይሉን ከሰሌዳው 5 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ያሳልፉ። ስምንት ዕድል አለዎት፤ ከስምንቱ ስንት ጊዜ ጥርት ያለ ከፍተኛ ቃና እንደሰሙ ይመዝግቡ። ከዚያ አንድ ቅንብር ብቻ ይለውጡና ይድገሙት፤ ሁለት በአንዴ ከለወጡ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። የክንድዎንም ፍጥነት እንደ አንድ ቅንብር ይቁጠሩት። አንዳንድ መሣሪያ በዝግታ ይሻላል፣ አንዳንዱ ኮይሉ በአጭሩ ቶሎ ቶሎ ሲወዛወዝ ነው ሳንቲሙን የሚያወጣው። ይህን ከሰሌዳው በቀር ማንም አይነግርዎትም።

ይህን ሲጨርሱ ሁለተኛውን ሙከራ ያድርጉ። ሳንቲሙን ከሰሌዳው ላይ አንስተው መሬቱ ላይ ያኑሩት፤ ሰሌዳውን ከነሚስማሮቹ በእንጨት ቁራጭ 5 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው በላዩ ያስቀምጡ። ከስምንቱ ስድስት ወይም ሰባት ሲያገኝ የነበረው መሣሪያ አሁን በብዙ ይወርዳል። ሳንቲምና ሚስማር አንድ ደረጃ ላይ ሲሆኑ ነገሩ ከእውነቱ ቀሎ ይታያል፤ በመሬት ውስጥ ግን ብረቱ ከላይ ሳንቲሙ ከታች መሆኑ የተለመደ ነው። ዲቴክተር አነጻጽረው የሚገዙ ከሆነ በሁለተኛው ሙከራ ያነጻጽሩ።

መሬቱን መክፈል

ሰፊ ቦታ እየዞሩ ማሰስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። መጀመሪያ ቦታውን ረጋ ብለው ዞረው ሚስማሩ የት እንደሚወፍርና የት እንደሚሳሳ ያዳምጡ። የፈረሰ ቤት መሠረት ላይ ብረቱ በግድግዳው መስመር ይረዝማል፤ በተቃጠለ ቤት ላይ እንደ ምንጣፍ ይተኛል። ሳንቲም ይበልጥ የሚገኘው በሩ በነበረበት፣ ከበሩ ወደ መንገድ ወይም ወደ ውኃ በሚወስደው መሄጃና ሰው አረፍ በሚልበት ዛፍ ሥር ነው።

እዚያ ላይ 5 ሜትር በ5 ሜትር በካስማና በገመድ ይለዩ። በ1 ሜትር ስፋት አምስት መስመር ያድርጉት። ኮይሉን ከመሬቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ አድርገው ጠፍጣፋውን ጠብቀው ያወዛውዙ፤ አንዱ ጉዞ ከ2 እስከ 2 ሰከንድ ተኩል ይፍጅ። ዳርና ዳር ላይ ኮይሉን ማንሳት የሁሉም ሰው ልማድ ነው፤ ኮይሉ ሲነሳ ከሜትሩ ሲሶው ሳይታሰስ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ውዝዋዜ በኋላ የኮይሉን ግማሽ፣ ለ15 ሴንቲሜትር ኮይል 7 ሴንቲሜትር ያህል፣ ወደ ፊት ይሂዱ። በዚህ አካሄድ ካሬው በአንድ አቅጣጫ ለመጨረስ ቁፋሮው ሳይቆጠር 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ሲጨርሱ ገመዱን አዙረው ከመጀመሪያው ጋር በሚያቋርጥ አቅጣጫ ይድገሙት፤ ጊዜ ካለ በሰያፍም። ይህ ድግግሞሽ ትርፍ ሥራ አይደለም። ሳንቲምና ሚስማር ጎን ለጎን ሲተኙ ኮይሉ ሁለቱን በአንዴ የሚያገኝበት አቅጣጫ አለ፤ አንዱን ካለፈ በኋላ ሌላውን የሚያገኝበት አቅጣጫም አለ። በመጀመሪያው ሲመጡ የሚሰማው ብረት ብቻ ነው። በሁለተኛው ሲመጡ ሳንቲሙ ይናገራል።

እውነተኛውን ድምፅ ከሐሰተኛው መለየት

ከፍ ያለ ቃና ሁሉ ሳንቲም አይደለም። ኮይሉ በሚስማር ርዝመት ላይ ሲሄድ ጫፎቹ ላይ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ጠፍጣፋ፣ ክብ ወይም መሃሉ ክፍት የሆነ ብረት ደግሞ የበለጠ ያታልላል፤ ሮንዴላ፣ ቆርኪ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ትልቅ ዳዶ። እነዚህ ብረት ቢሆኑም ቅርጻቸው የኤሌክትሪክ ፍሰት በሰፊው እንዲሽከረከርባቸው ስለሚፈቅድ መሣሪያው ብር ሊላቸው ይችላል። ድምፅ ሲሰሙ ከመቆፈርዎ በፊት የሚከተለውን ያድርጉ።

በቦታው ላይ 10 ሴንቲሜትር ብቻ በሆነ አጭር ውዝዋዜ ያጽኑት። ሳንቲም ሲሆን ድምፁ በእያንዳንዱ ማለፍ እዚያው ነጥብ ላይ፣ መነሻውም መድረሻውም ተቆርጦ ይሰማል። የብረት ሐሰተኛ ድምፅ ይሰባበራል፤ አንዴ ይመጣል አንዴ ይቀራል፤ ነጥቡም ይሸሻል።

ከዚያ ኮይሉን ብቻ ሳይሆን ራስዎ በነጥቡ ዙሪያ ሩብ ክብ ዞረው ይሞክሩት። በሁለቱም አቅጣጫ ከጸና ያለ ማመንታት ይቆፈራል። በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ከተሰማና በሌላው ብረት ከሆነ አይጣሉት። ንጹሕ ሜዳ ላይ ይህ የብረት ምልክት ተብሎ ይታለፋል፤ ዝገት በበዛበት ግን ከሚስማር አጠገብ ያለ ሳንቲም በትክክል እንዲህ ነው የሚሰማው። መለያው ነጥቡ ነው፦ ድምፁ ምንጊዜም አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ይቆፈራል።

ቀጥለው በዲቴክተሩ ላይ ያለውን ፒንፖይንት የሚባል ነጥብ መለያ ቁልፍ ይጫኑና የምልክቱን መሃል ይፈልጉ። ቀጭኑ ድምፅ ከተሰማበት ነጥብ ጋር ከገጠመ ጥሩ ነው። ቀጭኑ ድምፅ እዚህ፣ የፒንፖይንቱ መሃል ደግሞ 5 ወይም 10 ሴንቲሜትር ወዲያ ከሆነ የሰሙት የሚስማር ጫፍ ሊሆን ይችላል። ይህ አንድ ፈተና ብዙ ከንቱ ጉድጓድ ያስቀራል።

ኮይሉን ወደ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ያድርጉት። ትንሽ ሳንቲም ቶሎ ይደክማል። ከፍ ቢሉም እኩል የሚጮኸው ትልቅ ብረት ነው፤ የማረሻ ቁራጭ ወይም የበር ማጠፊያ።

ለቆርኪ የሚሆን ሌላ ዘዴ አለ። ነጥቡ ላይ እያወዛወዙ ኮይሉን ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ ነገሩ ከኮይሉ የፊት ጫፍ ሥር እስኪወጣ ድረስ። ሳንቲም ከሆነ ቃናውን ሳይለውጥ ይጠፋል፤ ቆርኪ ከሆነ መጨረሻው ላይ ወደ ብረት ጉርምርምታ ይወርዳል። ደብል ዲ ኮይል ላይ በደንብ ይሠራል።

ቁጥሩን በመጨረሻ ይመልከቱት። የሚዘለው በሁለት በሦስት ከሆነ የተረጋጋ ነው፤ ከአስር በላይ የሚዘል ብረትን ያመለክታል። ከሚታወቀው የሳንቲም ቁጥር ዝቅ ብሎ መታየቱ ግን ምክንያት አይሆንም፤ አጠገቡ ያለው ብረት ነው ያወረደው። በቁጥር ብቻ የሚቆፍር ሰው እንዲህ ባለ ቦታ የሚያልፋቸው ሳንቲሞች ከሚያወጣቸው ይበዛሉ።

በዚህ ዘዴ ብዙ ጊዜ የማይገኙም አሉ። በ1943 በአሜሪካ የተመታው ዚንክ የተቀባ የብረት አንድ ሳንቲም፣ ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያወጣቻቸው የብረት ፕፌኒጎች፣ ሁሉም ማግኔት ይይዛቸዋል፤ መሣሪያውም ብዙ ጊዜ ብረት ይላቸዋል። እነሱ በአብዛኛው የሚገኙት ብረቱን ሲያነሱ ነው።

ብረቱን ማንሳት

ካሬውን በሁለት አቅጣጫ ከጨረሱና ቀጭን ድምፅ የሰጠው ሁሉ ከወጣ በኋላ ትልቁ ሥራ ይጀምራል፤ አብዛኛው ሰው የሚያቆመውም እዚህ ላይ ነው። አሁን የሚቆፈረው ብረቱ ነው። መጀመሪያ ጮክ ብለው የሚሰሙትን፣ ማለትም ከላይ ያሉትን 5 ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገኙ ሚስማሮች፣ ሽቦዎችና ቆርቆሮዎች ያንሱ። ለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ አያስፈልግም፤ ፒንፖይንተርና መኮትኮቻ ይበቃል። አፈሩ ላላ ባለበት ማግኔቱን በላዩ መጎተት ትናንሾቹን ይሰበስባል።

የተነሳው ብረት ሁሉ በቦርሳ ይውጣ። ጉድጓዱ ውስጥ መልሶ መጣል ወይም ወደ ጎን መወርወር የሚቀጥለውን ካሬ ይጋርዳል። ከዚያ ግራውንድ ባላንሱን እንደገና ሠርተው ካሬውን ይድገሙት። ቀድሞ ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ ቀጭን ድምፅ መስማት ይጀምራሉ፤ ሳንቲሞቹ አዲስ አይደሉም፤ በላያቸው የነበረው ሚስማር ነው የተነሳው። ጥሩ ቦታ ከሆነ ሁለተኛ የማንሳት ዙር ይገባዋል። የታረሰ ማሳ ላይ ደግሞ ማረሻው ራሱ ብረቱንና ሳንቲሙን ስለሚያገላብጥ ከእርሻ በኋላ ተመልሶ ማሰስ ያዋጣል፤ በእርግጥ ሰብል በሌለበትና ባለቤቱ ሲፈቅድ።

ቁፋሮው

አፈሩ እርጥበት ሲኖረው ይመረጣል፤ ደረቅ መሬት በኃይል ሲቆፈር መኮትኮቻው ሳንቲሙን ይጭራል። ሣር ባለበት መሃሉን ለይተው ዲያሜትሩ 20 ሴንቲሜትር የሚሆን ክብ በሦስት በኩል ይቁረጡ፤ አራተኛው ወገን ሳይቆረጥ እንደ ማጠፊያ ይቅር። ጥልቀቱ 10 ሴንቲሜትር ይሁን። ከነጥቡ ይህን ያህል መራቅ ብክነት ይመስላል፤ ከሳንቲም አጠገብ ያለ ሚስማር ግን የፒንፖይንቱን መሃል ስለሚያዛባ ጠባብ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው መኮትኮቻውን በሳንቲሙ ላይ ያሳርፋል።

ሣሩን ገልብጠው ፒንፖይንተሩን መጀመሪያ በተገለበጠው ሥር፣ ከዚያ በጉድጓዱ ግድግዳና ወለል ያዙሩ። የመጀመሪያው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሚስማሩ ነው። ሚስማር አግኝቶ ጉድጓዱን መዝጋት በዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ሚስማሩን አርቀው ኮይሉን እንደገና በጉድጓዱና በወጣው አፈር ላይ ያሳልፉ። ቀጭኑ ድምፅ አሁን ጠርቶና ጎልቶ ከተሰማ ሳንቲሙ እዚያው ነው። ከጠፋ ሐሰተኛ ነበር። ሳንቲም ከወጣም በኋላ አንድ ጊዜ ይፈትሹ፤ ኪስ ወይም ከረጢት ተቀዶ የወደቀ ገንዘብ ብቻውን አይወድቅም።

ማግኔት ላይ የሚጣበቅ የዝገት ድቡልቡል አይጣሉ፤ መሬት ላይ አስቀምጠው በኮይሉ ይሞክሩት። ዝገቱ እያበጠ አጠገቡ ያለውን ሳንቲም በውስጡ የሚውጥበት ጊዜ አለ።

ብዙ ሳንቲሞች አንድ ላይ ከታዩ መቆፈር ያቁሙ። አቀማመጣቸው፣ የያዛቸው ዕቃና አፈሩ ከሳንቲሞቹ ያላነሰ ዋጋ አላቸው፤ ፎቶ አንስተው፣ ቦታውን መዝግበው፣ ሸፍነው የሚመለከተውን የቅርስ ባለሥልጣን ይጥሩ። ክብ ወይም ሲሊንደር ቅርጽ ያለው ከባድ ዝገት ካጋጠመና ጥይት ወይም ቦምብ ከመሰለ አይንኩት፤ ራቅ ብለው ለፖሊስ ይደውሉ።

አፈሩን ከወጣበት በተቃራኒ ቅደም ተከተል ወደ ጉድጓዱ መልሰው በእግር ይጫኑት።

ሳንቲሙን መያዝ

አውራ ጣትዎ አፈሩን ለመጥረግ ይቸኩላል። አይጥረጉ። በሳንቲሙ ፊት ላይ ያለው አሸዋ እንደ ሞረድ ነው፤ አንድ ማሸት ፊደሉን ሊያጠፋው ይችላል። በጥጥ ጠቅልለው በትንሽ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ፣ ለየብቻ ያድርጉት። ቤት ሲደርሱ በዲስቲልድ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ውኃውን በየቀኑ ይቀይሩ፤ አፈሩ ሲለሰልስ በለስላሳ ብሩሽ ሳይጫኑ ያራግፉ። ወርቅ ከዚህ በላይ አይፈልግም። ብር ላይ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ አያድርጉ፤ መዳብና ነሐስ ላይ ያለውን ጠንካራ አረንጓዴ ሽፋን አያንሱ፤ ሳንቲሙን ጠብቆ ያቆየው እሱ ነው፤ ከሥሩ የሚገኘው የተበላ ገጽ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚለየው ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ነው። በነሐስና በመዳብ ላይ በነጠብጣብ መልክ ይወጣል፤ ሲጠረግ ተመልሶ ይመጣል፤ የሚከሰተው ከአፈሩ የገባው ክሎራይድ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው። እንዲህ ያለውን ሳንቲም ከሌሎቹ ይለዩት፤ በደንብ አድርቀው ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ባለበት ጥብቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ፣ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች ሆኖ ያስቀምጡት። ሲሊካ ጄሉ ቀለሙን ሲለውጥ አድርቀው ይመልሱት። በዕቃው ላይ የተገኘበትን ቀን፣ ካሬና ጥልቀት ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ገመዱን የት እንደሚዘረጉ የሚወስኑት በዚያ መዝገብ ነው።